ለሳንቲም ሰብሳቢ የሚሆን ማይክሮስኮፕ፦ አመራረጡና የፎቶ አነሣሡ

ማይክሮስኮፕ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር «1000 እጥፍ ያጎላል» የሚለውን ነው። ለሳንቲም ሰብሳቢ ከቁጥሮቹ ሁሉ የማይረባው ይኸው ነው። ጠገራ ብር ይሁን የምኒልክ ብር፣ የ1936ቱ ሃምሳ ሳንቲም ይሁን የአክሱም ነሐስ፣ በሳንቲም ላይ መታየት ያለበት ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ5 እስከ 40 እጥፍ ባለው ማጉላት ይታያል። ልዩነት የሚያመጡት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል የሚቀረው ክፍተት፣ በዚያም ክፍተት የሚገባው ብርሃን። ሳንቲም የሚያብረቀርቅ ብረት ነውና ብርሃኑን ከጎን ማስገባት ካልተቻለ ምንም ያህል ቢጎላ የሚታየው ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ነው። ይህን ይዛችሁ ገበያ ከወጣችሁ ግማሹ ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ጥሩ የእጅ አጉሊ መነፅርና እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ሚዛን ከሌላችሁ መጀመሪያ እነሱን ግዙ። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የምኒልክ ብርም ከዚያው ጋር እኩል ሊባል በሚችል ክብደት የተሠራ ነው። አንድ ግራም ተኩል የጎደለውን «ብር» በማይክሮስኮፕ ለመመርመር መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 1፦ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ጻፉ

ያሏችሁን ሳንቲሞች ዘርዝሩ፤ ከየአንዳንዱ ጎን የሳንቲሙን ስፋት በሚሊሜትር፣ ቀጥሎም ልታዩት የምትፈልጉትን ዝርዝር አስፍሩ። ማይክሮስኮፑን የሚመርጥላችሁ ይህ ወረቀት ነው።

ጠገራ ብርን እንውሰድ። ምስሏ በላዩ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጥቷል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት እ.ኤ.አ. በ1935 የሮም ማተሚያ ቤትም ይኸንኑ ብር መምታት ጀምሯል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ በላዩ ያለው ዓመት ብሩ መቼ እንደተሠራ አይናገርም። አንዱን ከሌላው የሚለዩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ የንስሩ የጅራት ላባ አደራደር፣ የንግሥቲቱ ጌጥ ዕንቁዎች፣ ከደረቷ በታች ያሉት የኤስ እና የኤፍ ፊደላት ቅርጽ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ የተቀመጠችው ሰያፍ መስቀል፣ በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብለው የተጻፉት የላቲን ቃላት። ድሮ በገበያ ላይ አባቶቻችን ዕንቁዎቿን ቆጥረው ብሩን ይቀበሉ እንደነበር መንገደኞች ጽፈዋል፤ እኛም አሁን የምንሠራው ያንኑ ነው፣ መሣሪያው ብቻ ተሻሽሏል። ለዚህ ሁሉ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበቃል። የብሩ ስፋት ግን 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ራስ ምታት የሚሆነው እሱ ነው።

በፓሪስ የተመቱት የምኒልክ ብሮችም መጠናቸው ያው 40 ሚሊሜትር ነው። የአንበሳው ከፍ ያለው እግር ግራው ነው ወይስ ቀኙ የሚለውን በባዶ ዓይን ታዩታላችሁ። ማይክሮስኮፕ የሚያስፈልገው ለዓመቱ ነው። አንዳንዱ የግዕዝ ቁጥር ከሌላው የሚለየው በአንድ ሰረዝ ወይም በአንዲት ቅጥያ ስለሆነ፣ ብርቅ የሆነ ዓመት ለማስመሰል ቁጥሩን የነካካ ሰው ካለ በ20 እና በ30 እጥፍ የመሣሪያው ጭረት በዙሪያው ይታያል። የፓሪስ ምልክት የሆነችው የኤ ፊደልም እንዲሁ ትመረመራለች፦ ፊደሏ ከሜዳው፣ ማለትም ምስልና ጽሑፍ ከሌለበት ልሙጥ ቦታ፣ ላይ አብራ የበቀለች መሆን አለባት፤ በሥሯ የሙጫ ወይም የብየዳ መስመር ካለ ነገሩ አብቅቷል።

የ1936ቱን ሳንቲሞች ለሚሰበስብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የመዳቡ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ስፋቱ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር በመቀራረቡ ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ ሞገድ በተቆረጠው ተተካ። 50 ለማስመሰል ነጭ ቅብ የተቀባ ክብ 25 ካጋጠማችሁ ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይ፣ በተለይ በንጉሡ ጉንጭና በፊደሎቹ አናት ላይ፣ ቅቡ ተልጦ መዳቡ ሲቀላ በ15 እጥፍ በደንብ ይታያል። በ1969ኙ ሳንቲሞች ላይ ዝርዝር ፈላጊዎች የሚያዩት የአንበሳውን የአገጭ ፀጉር ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ በግራ በኩል ሁለቱ ፀጉሮች ከሌሎቹ ይረዝማሉ፣ በሌሎቹ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። ማንም ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት የዞረው የአምስት ሳንቲም ነውና ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

ከሁሉም የሚበልጠው የአክሱም ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለትም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ አንሥቶ፣ አክሱም በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም መትታለች። በብሮቹና በነሐሶቹ ላይ አንዳንድ ጊዜ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ይለበጥ ነበር። በ20 እጥፍና ከጎን በገባ ብርሃን ያንን ወርቅ ከአረንጓዴው ዝገት ሥር ብልጭ ሲል ማየት፣ በእኔ ፍርድ፣ ለአንድ ማይክሮስኮፕ ከተከፈለው ገንዘብ ሁሉ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ፈጽሞ አታጽዱ፤ ወርቁ ከዝገቱ ጋር ይነሣል። በአገር ውስጥ ከመሬት የወጣ ከሆነ ደግሞ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን መገለጽ አለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም።

ደረጃ 2፦ የትኛውን ዓይነት?

በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የምናውቀውን፣ ደምና የሽንኩርት ልጣጭ የሚታይበትን ማይክሮስኮፕ አትግዙ። ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሳንቲም ብርሃን አያሳልፍም። ሌንሱም ከሚታየው ነገር ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ ትንሽ ብታዞሩት ሳንቲሙን ይፍቀዋል። በነፃ ቢሰጧችሁም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ የሚባለው እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ፣ ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ጋር የሚያያዝ ነው። ዋጋው ከመቶ ዶላር በታች የሚገኝ ብዙ አለ። «1000» እና «1600» የሚለው ጽሑፍ በብዛት ያለው በዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ፦ ከሳንቲሙ ላይ 5 ሚሊሜትር የምታክል ቦታ ተነሥታ 50 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ብትዘረጋ 100 እጥፍ ጎላ ይባላል፤ ያችው ፎቶ በ15 ሴንቲሜትር የስልክ ስክሪን ላይ 30 እጥፍ ብቻ ናት። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል፣ የሚታየው ዝርዝር ግን ያው ነው። ስለዚህ ሻጩን ስለ ማጉላት አትጠይቁት። የካሜራው ትክክለኛ የፒክሰል ብዛት ስንት እንደሆነና ሙሉ ሳንቲም በስክሪኑ ላይ ሲሞላ ሌንሱ ከሳንቲሙ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ ጠይቁት። ሌላው ችግሩ በሌንሱ ዙሪያ የተተከሉት ትንንሽ አምፖሎች ናቸው፤ በብር ላይ ስምንት ነጭ ነጥብ ሆነው ይንጸባረቃሉ። ከገዛችሁ አምፖሉ የሚጠፋበትን፣ ቢቻል ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዘር ያለበትን ምረጡ። ዲኖ ላይት በሚል ስም የሚሸጡ እንዲህ ዓይነት አሉ፤ ዋጋው ግን ከተራዎቹ በብዙ ይበልጣል።

ሁለተኛው የራሱ ስክሪን ያለው ነው። አንዶንስታር የመሳሰሉት ይታወቃሉ። ከዩኤስቢው የሚሻለው ማቆሚያው ጠንካራ መሆኑ፣ በሌንሱ ሥር ሰፊ ክፍተት መኖሩና ምስሉ ሳይዘገይ መታየቱ ነው። ብዙ ሳንቲም በፍጥነት ለሚያገላብጥ ሰው፣ ለምሳሌ ከአንድ ከረጢት ሙሉ የሚመርጥ፣ ይህ ይመቸዋል። ለጋራ ማየትም ጥሩ ነው፤ ልጆችን አጠገብ አስቀምጦ ማሳየት ይቻላል።

ሦስተኛው ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ነው። በሁለት ዓይን ይታያል፣ ጥልቀት ያሳያል። ጭረት ወደ ውስጥ የገባ ነው ወይስ ከመምቻው ብረት የመጣ ወደ ላይ ያበጠ መስመር ነው የሚለውን ጥያቄ በአንድ እይታ የሚመልስ ሌላ መሣሪያ የለም። ፎቶ ጠፍጣፋ ነው፤ ይህን ልዩነት ይደብቃል። የተለመደው ከ7 እስከ 45 እጥፍ በዙም የሚሄድ፣ በሌንሱ ሥር 10 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት የሚተው ነው። ለፎቶ የሚሆነው ሦስተኛ ቱቦ ያለው፣ ትራይኖኩላር የሚሉት ነው። ጥቂት መቶ ዶላር ያወጣል። ገንዘቡ ካላችሁ ወደዚህ ሂዱ፤ ከሌላችሁ ጥሩ የእጅ አጉሊ ይዛችሁ አጠራቅሙ እንጂ በየዓመቱ አንድ ርካሽ ዩኤስቢ አትግዙ።

ደረጃ 3፦ ሳንቲሙ ይገባል? አስሉት

ብዙ ሰው ስቴሪዮውን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ጠገራ ብሩ በአንድ እይታ አልገባ ብሎ የሚያየው። ስሌቱ ቀላል ነው።

ዓይን በሚያርፍበት ሌንስ ላይ «10/20» ወይም «10/22» የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለተኛውን ቁጥር ለታችኛው ሌንስ ማጉላት አካፍሉት። ከ7 እስከ 45 የሚሄደው ማይክሮስኮፕ ታችኛው ሌንሱ ከ0.7 እስከ 4.5 ነው። 20 ለ0.7 ሲካፈል 28.6 ሚሊሜትር ይሆናል። የምኒልክ ግርሽና የ1936ቱ ሃምሳ ሳንቲም ይገባሉ፤ ጠገራ ብር አይገባም። በመጨረሻው ማጉላት ደግሞ 20 ለ4.5፣ ከ4 ሚሊሜትር ተኩል ያነሰ ቦታ ብቻ ይታያል።

መፍትሔው ከታች የሚጠመዝ 0.5 ባርሎ ሌንስ ነው። ማጉላቱን በግማሽ ይቀንሳል፦ ከ3.5 እስከ 22.5 ይሆናል። የሚታየውን ስፋት ወደ 57 ሚሊሜትር ያሳድጋል፣ ጠገራ ብሩ ሰፍቶት ይገባል። ክፍተቱንም ከ10 ወደ 16 ሴንቲሜትር ገደማ ያረዝመዋል፤ ይህ ለብርሃን ትልቅ ጸጋ ነው። ባርሎው ለብቻው ርካሽ ነው፤ አብራችሁ እዘዙት። ከማዘዛችሁ በፊት የማይክሮስኮፑ የታችኛው ጥርስ ስፋት ከባርሎው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ 48 ሚሊሜትር ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም።

ካሜራው ሌላ ስሌት አለው፣ እዚህ ላይም ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ከዓይናችን ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። የሴንሰሩን ቁመት ውሰዱ፤ ለታችኛው ሌንስ፣ ለባርሎውና በካሜራው ቱቦ ውስጥ ላለው መቀነሻ ሌንስ ብዜት አካፍሉት። ለምሳሌ 4.8 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ሴንሰርና 0.5 መቀነሻ ይኑራችሁ። 0.7 በ0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.175 ነው፤ 4.8 ለ0.175 ሲካፈል 27 ሚሊሜትር ይሰጣል። ሃምሳ ሳንቲሙ 25 ሚሊሜትር ስለሆነ ጠርዙ ሳይቆረጥ ይገባል። ለ40 ሚሊሜትር ብር ግን መቀነሻውን ወደ 0.35 ብትለውጡት እንኳ 39 ሚሊሜትር ነው የምታገኙት፤ ለአንድ ሚሊሜትር ይቆረጣል።

ስለዚህ አስተያየቴን በግልጽ ልንገራችሁ፦ ትልልቅ ብሮችን ሙሉ ፊታቸውን በማይክሮስኮፕ ለማንሣት አትታገሉ። ለሙሉ ፊት ማክሮ ሌንስ (ከቅርብ የሚያነሣ ሌንስ) ያለው ካሜራ፣ እሱም ከሌለ ደህና ስልክ በማቆሚያ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተተክሎ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል። ማይክሮስኮፑን ለዝርዝሩ አቆዩት፦ ለዕንቁው፣ ለላባው፣ ለዓመቱ፣ ለጠርዙ።

ደረጃ 4፦ ማቆሚያው

በቋሚ ምሰሶ ላይ የተተከለ ማይክሮስኮፕ ቦታ አይፈጅም፣ ነገር ግን ምሰሶው ከኋላ የሚመጣውን መብራት ይከለክላል። ክንድ ያለው ማቆሚያ ማይክሮስኮፑን ጠረጴዛው ላይ አንጠልጥሎ በዙሪያው አራቱንም አቅጣጫ ክፍት ይተዋል። መሠረቱ ከባድ መሆን አለበት፤ ጣት ሲነካው የሚንቀጠቀጥ ማቆሚያ በ30 እጥፍ ፎቶውን ሁሉ ያደበዝዛል። ጠረጴዛችሁ የማይነቃነቅ ይሁን፣ ማቀዝቀዣ ወይም ማራገቢያ አጠገቡ አይኑር።

ደረጃ 5፦ ብርሃኑ

እዚህ ላይ ሳትቸኩሉ ሥሩ። ከማይክሮስኮፑ ጋር ብዙ ጊዜ ሪንግ ላይት፣ ማለትም በሌንሱ ዙሪያ የሚገጠም ቀለበት መብራት፣ በነፃ ይመጣል፤ ሁሉንም እኩል ያበራል። ለዝርዝር ፍለጋ ጥሩ ነው፣ ለፎቶ ግን ሳንቲሙን ግራጫ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ያልተነካ ሳንቲም ላይ እንደ መንኮራኩር የሚሽከረከረው ጸዳል ይጠፋል። አንገታቸው የሚታጠፍ ሁለት ኤልኢዲ መብራቶች ከዚህ በጣም ይሻላሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ይሁኑ፤ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ ከሆነ ብሩ ሁለት መልክ ይይዛል። የክፍሉን አምፖል አጥፉ፣ መጋረጃውን ዝጉ።

አቀማመጡን እንዲህ ሞክሩ። ሳንቲሙን በፈረንጅ ሰዓት ፊት ብትመስሉት አንዱን መብራት በ10 ሰዓት፣ ሌላውን በ2 ሰዓት አቅጣጫ አድርጉት፣ ሁለቱንም ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ሌንሱ አስጠጉ። ይህ ለአብዛኛው ሳንቲም ይሠራል። ከዚያ አንዱን አጥፉና ሌላውን ከጠረጴዛው ጋር ሊነካ እስኪል ዝቅ አድርጉት። ብርሃኑ በሳንቲሙ ላይ ተንጋዶ ሲያልፍ እያንዳንዱ ጭረት፣ እያንዳንዱ የመፈግፈግ ምልክት ጥላ ይጥላል። ጸድቶ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ የምኒልክ ብር ሚስጥሩ የሚወጣው በዚህ ብርሃን ነው፦ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ካያችሁ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ነክቶታል። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት እንጂ መብራቱን አታንቀሳቅሱ፤ የተፈጥሮ ጸዳል ሳንቲሙ ሲዞርም አይጠፋም፣ ጭረት ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

በቀለጠ ብረት ተፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ጠገራ ብርም በዚሁ ብርሃን ይለያል። በመምቻ የተመታ ሳንቲም ፊደሎቹ ጠርዛቸው የሰላ፣ ሜዳው የለሰለሰ ነው። የፈሰሰው ግን በ20 እጥፍ ሲታይ ሜዳው ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ የአየር ጉድጓዶች፣ በፊደሎቹም ሥር ከመጠን በላይ የተሞሉ ድብልብል ማዕዘኖች አሉት። ጠርዙን ዞር አድርጋችሁ እዩት፤ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተገናኙበት ስፌት ተሞርዶ ቢጠፋ እንኳ የሞረዱ ምልክት ይቀራል፣ የላቲኖቹ ቃላትም ይደበዝዛሉ። ጠርዝ ለማየት ወፍራም ስፖንጅ ሰንጥቃችሁ ሳንቲሙን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙበት።

እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ሳንቲም ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ንጹሕ ስስ መስተዋት፣ ለምሳሌ ከፎቶ ፍሬም የወጣ፣ በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል በ45 ዲግሪ አጋድሙ። መብራቱን ከጎን ወደ መስተዋቱ ስትልኩት ቀጥ ብሎ ወደ ሳንቲሙ ይወርዳል፣ ተመልሶም በመስተዋቱ አልፎ ወደ ሌንሱ ይወጣል። ሜዳው ያበራል፣ ፊደሉ ይጠቁራል። ለዚህ ቢያንስ የሳንቲሙን ስፋት ያህልና ከዚያም የሚበልጥ ክፍተት ያስፈልጋል፤ ክፍተት የሌለው ማይክሮስኮፕ ይህን ጨርሶ አይችልም። ብርሃኑ ከበዛ በመብራቱ ፊት ስስ ነጭ ወረቀት ዘርጉ።

የመብራት ኃይልም ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲያመጣላችሁ የኃይል መስጫው «ከ100–240 ቮልት» የሚል ካልሆነ ሳትሰኩት ትራንስፎርመር ፈልጉ። ርካሽ ኤልኢዲ ከመብራቱ ሞገድ ጋር ስለሚርገበገብ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሸርጥ ይወርዳል፤ በካሜራው ሜኑ ውስጥ 50 ኸርዝ የሚለውን ምረጡ፣ የማንሻ ፍጥነቱንም 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ሳትከፍሉ በፊት ፈትሹ

በአዲስ አበባ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የስልክ ቦርድ የሚጠግኑ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚሠሩበት ይኸው ከ7 እስከ 45 የሚሄደው ነው። በትሕትና ጠይቃችሁ አንድ አምስት ሳንቲም ከሥሩ አድርጋችሁ ብትመለከቱ ካነበባችሁት ሁሉ የበለጠ ይገባችኋል። የት እንደተገዛና ምን እንደሚበላሽ የሚነግራችሁም እነሱ ናቸው።

ስትፈትሹ ሳንቲሙን በከፍተኛው ማጉላት አጥርታችሁ ዙሙን ወደ ታች መልሱ፤ ጥራቱ ከጠፋ ማስተካከያው ተበላሽቷል። በሁለት ዓይን ለአምስት ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። ምስሉ ሁለት ከሆነባችሁ ወይም ግንባራችሁን ካመማችሁ ሁለቱ ቱቦዎች ተጣመዋል፤ አሮጌ ዕቃ ሲወድቅ የሚመጣ ጉዳት ነው፣ በቤት አይጠገንም። የዓይን ሌንሶቹን አውጥታችሁ በብርሃን ፊት ያዟቸው፤ በውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ትራይኖኩላር ከሆነ ካሜራውን ስትከፍቱ አንዱ ዓይን የሚጨልም መሆን አለመሆኑን እዩ፤ የማይጨልመው ይመቻል፣ የሚጨልመውም ለፎቶ ምንም አያጎድልም፣ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት።

ደረጃ 7፦ አነሣሡ

ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙት። ጥቁር ግራጫ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ነጭ ጨርቅ የካሜራውን የብርሃን ልኬት ያሳስተዋል። ማይክሮስኮፑን መጀመሪያ ከጎን እያያችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ከዚያ በሌንሱ እያያችሁ ወደ ላይ ብቻ እያነሣችሁ አጥሩ። ወደ ታች እያወረዳችሁ የምታጠሩ ከሆነ አንድ ቀን ሌንሱ ብሩ ላይ ያርፋል።

የነጭ ቀለም ማስተካከያውን በግራጫ ካርድ ላይ አድርጉ እንጂ ለካሜራው አትተዉለት፤ ካሜራው በራሱ ግምት የብሩንና የመዳቡን ቀለም ይለውጣል። በጣት አትጫኑ፤ በኮምፒውተር ወይም በሁለት ሰከንድ ማዘግየት አንሡ። ፎቶው ሲነጣ የብሩ ዝርዝር ለዘላለም ይጠፋል፣ ሲጨልም ግን ይመለሳልና ትንሽ አጨልሙት።

ከ20 እጥፍ በላይ ስትሄዱ የፊደሉ አናት ጠርቶ ሜዳው ይደበዝዛል። ጉድለቱ የማይክሮስኮፑ አይደለም፤ የጥራቱ ጥልቀት በማጉላቱ ልክ ስለሚጠብ ነው። ከሜዳው ጀምራችሁ በጥቂቱ ወደ ላይ እያነሣችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ፎቶ አንሡና በሶፍትዌር አዋህዷቸው። ፒኮሌይ በነፃ ይገኛል፤ ዜሪንና ሄሊኮን የሚከፈልባቸው ናቸው። የስቴሪዮ ቱቦ ትንሽ ዘንበል ብሎ ስለሚያይ ፎቶዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ ሶፍትዌሩ እንዲያስተካክላቸው «አሰልፍ» የሚለውን ሳትከፍቱ አትጀምሩ።

በየማጉላቱ አንድ ጊዜ የሚሊሜትር ማስመሪያ አስቀምጣችሁ አንሡ። ያ ፎቶ ካለ በኋላ የፊደል ቁመት ወይም የዕንቁ ስፋት ከፒክሰሉ መለካት ይቻላል፤ ዙሙ የሚቆምበት ጠቅታ ካለው ሁልጊዜ በጠቅታው ላይ አንሡ።

ፋይሉን ስትሰይሙ የሳንቲሙን ዓይነት፣ ዓመት፣ ፊት ወይም ጀርባ፣ ማጉላት፣ የመብራቱን አቅጣጫና ክብደቱን አስገቡ፦ «ጠገራ_1780_ጀርባ_ላባ_15እጥፍ_ከግራ_28.05ግ» እንደሚለው። ሳታስተካክሉት ያነሣችሁትን የመጀመሪያውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ። ሌላ ጠገራ ብር ስትገዙ በዚያው ማጉላትና በዚያው የመብራት አቅጣጫ አንሥታችሁ ሁለቱን ላባዎች ጎን ለጎን ክፈቷቸው።